ፖሊስን በአደባባይ መቅረጽ የማን መብት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው ፖሊስ በአደባባይ ሥራውን ሲሠራ አላፊ አግዳሚው ሊቀርጸው ይችላል ወይ የሚለውን ነው። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ ከዚሁ አገር ሕግ እጀምራለሁ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ሳይመን ግሊክ የተባለ ጠበቃ በቦስተን ኮመን መናፈሻ ሲያልፍ ሦስት ፖሊሶች አንድ ወጣት ሲይዙ ያያል፤ አያያዛቸው ከልክ ያለፈ ስለመሰለው አሥር ጫማ ያህል ርቆ በስልኩ መቅረጽ ይጀምራል። ፖሊሶቹ ድምፅም ትቀዳለህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ አዎን ሲላቸው እሱኑ በካቴና አሰሩት። ከቀረቡበት ክሶች ዋነኛው በስውር ድምፅ መቅዳትን በሚከለክለው የማሳቹሴትስ ሕግ የተመሠረተ ነበር። ፊት ለፊት የተያዘ ስልክ እንዴት ስውር ሊባል እንደቻለ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው፤ ፍርድ ቤቱም አልተቀበለውም። ግሊክ በተራው ከሰሰ፤ በ2011 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፖሊስን በአደባባይ መቅረጽ የንግግርና የፕሬስ ነፃነትን በሚያስከብረው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጠበቀ መብት መሆኑን አረጋገጠ፤ በዓመቱም ከተማዋ 170 ሺህ ዶላር ከፍላ ጉዳዩ ተቋጨ። በውሳኔው ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው መብቱን ለጋዜጠኛ ብቻ ሳይወስን ለማንኛውም ዜጋ መስጠቱን ነው።

ይህ የሚያስፈልገው የፖሊስ መዝገብ ብቻውን እንዳይቀር ነው። በግንቦት 2020 በሚኒያፖሊስ ጆርጅ ፍሎይድ ሲሞት የከተማዋ ፖሊስ መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰውየው የጤና እክል እንደታየበት ሲገልጽ፣ አንገቱ ላይ ስለቆየው የፖሊስ ጉልበት ትንፍሽ አላለም። እውነቱን ያወጣችው ስልኳን ይዛ የቆመች የ17 ዓመት ልጅ ናት።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በእስራኤል፣ ሆሎን ከተማ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ተደብድቦ፣ ፖሊስ ደበደብክ ተብሎ የታሰረው ደግሞ እሱው ነበር። ያስለቀቀው የመንገድ ካሜራ ነው። ወገኖቻችን በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ የወጡት ያንን ምስል አይተው ነው፤ ሆኖም ዐቃቤ ሕግ በፖሊሱ ላይ የነበረውን መዝገብ በዚያው ዓመት ዘጋው። ያው ምስል ለሁለት ሰው ሁለት ነገር ሊናገር ይችላል ማለት ነው።

መብቱ ወሰን አለው፤ የፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ ወንጀል ነው። ወሰኑን ከሚገባው በላይ ለማጥበብ የሚሞክሩም አሉ፤ አሪዞና በ2022 ከስምንት ጫማ ቀርቦ መቅረጽን የሚከለክል ሕግ አውጥታ የፌዴራል ፍርድ ቤት አግዶባታል።

ታክሲና ኡበር ለምትነዱ ግን አንድ ነገር ልበል። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ስልክ ፍለጋ ኪስ መግባት አደገኛ ነው፤ መቅረጽ የሚፈልግ ስልኩን አስቀድሞ ዳሽቦርዱ ላይ ይስቀል፣ እጁንም መሪው ላይ ያድርግ። ስልኩን ቢወስዱበት እንኳ በውስጡ ያለውን ለመበርበር ከ2014ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ በመርህ ደረጃ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ የይለፍ ቃል ሲጠየቅ ቶሎ ብሎ አይስጥ፣ ጠበቃ ይጠይቅ።