«ከታች ሆኜ መሰላሉን ብይዝለት አይበቃም?»

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች የመጡት ከከተማው ዳር ነው። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ላይ የማይወጣ የለምና በደንብ እንየው።

ከገላን የደወሉ እናት፦ «ጣሪያችን ያፈሳል። ባለቤቴ በአጣና መሰላል ይወጣል፤ እኔ ከታች እይዛለሁ። ይበቃል?»

እናቴ፣ አይበቃም። መሰላል ሲንሸራተት የሰው ክብደት ይዞ ነው። ክንድዎ አይመልሰውም፤ እርስዎም ከሥሩ ነዎት።

መጀመሪያ አቋቋሙ ይስተካከል። የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍታ ካለው፣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ከራቀ እግሩ ይሸሻል። ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ። ወደ ቆርቆሮው ሲሻገሩ የሚይዙት ያስፈልጋላ! ጫፉን ከወራጁ ጋር ይሰሩት። አሸንዳ ላይ ግን አይደገፍም፣ አይታሰርምም። እርስዎ መያዝ ያለብዎት ሊያስር ሲወጣና ፈትቶ ሲወርድ ነው።

የእናንተ ሰፈር ጥቁር አፈር ደግሞ በክረምት አንዱን እግር ይውጠውና መሰላሉ ያጋድላል። ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ያንጥፉ። ብሎኬት አይደራርቡ።

አጣናውን እኔ እፈራዋለሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩም ይላላል። ላዩ ግን ደህና ይመስላል። እኔም የወደቅሁት በእንዲህ ያለው ነው። የያዝኩት አግዳሚ ከነሚስማሩ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ከፍታው ከቁመቴ አይበልጥም ነበር፤ የእጄ አንጓ ግን ተሰበረ። ስለዚህ እያንዳንዱን አግዳሚ በእጅ ነቅነቅ ያድርጉት። ከተንቀሳቀሰ አይወጣበትም።

ከሰበታ አንድ ወጣት፦ «ወገቤ ላይ ገመድ ባስርስ?»

ወንድሜ፣ የወገብ ገመድ ስትወድቅ ሆድህንና አከርካሪህን ነው የሚጎዳው። የሚያዋጣው ትከሻንም ጭንንም የሚይዘው የደህንነት ቀበቶ ነው። እሱም የሚታሰርበት ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። መሰላሉ ላይ ካሰርከው አብሮህ ይወድቃል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት የሚበልጥ ከሆነ መሰላሉን ተወው፤ እስካፎልዲንግ ተከራይ። ስትወጣ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ሁልጊዜ መሰላሉን ይንኩ። መዶሻው በባልዲ ይሳብልህ። እጅህ ካልደረሰ አትንጠራራ፤ ወርደህ መሰላሉን አዙረው።

ከቡራዩ፣ ዲሽ ለመስቀል መሰላል ስለማቆም ለጠየቁን፦ የመብራት ሽቦ አጠገብ የብረትም የአልሙኒየምም መሰላል አይቆምም። የእንጨቱም ቢሆን እርጥብ ከሆነ ያው ነው።

ከሱሉልታ፦ «ጎረቤታችን ከመሰላል ወደቀ። አንስተን ውሃ አጠጣነው። አጠፋን?»

በቅንነት እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ። ግን አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እግሩም ከደነዘዘው አታንቀሳቅሱት። 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ውሃም ምግብም ይቆይ። ብርድ ልብስ አልብሱት፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ እንዳለ ደግፎ ይያዝለት። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ብቻውን አትተዉት። ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራስ ምታቱ ከበረታ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት።