ካርቶኗ ላይ የቀረው

እሺ… ዛሬ ስለምሠራት ሞዴል አውሮፕላን ሞተሮች ነበር ላወራ ያሰብኩት። አልቻልኩም። ካርቶኗ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

ሐሙስ ማታ ነው። የሞዴሏን፣ የቦይንግ 787ቷን፣ ጎማዎችና የጎማ ክፍል በሮች ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቀለም፣ ልቀባ ተነሳሁ። እንዳይነካኩ ብዬ ካርቶን ላይ ራቅ ራቅ አድርጌ በተንኳቸው። የኤርብራሹን፣ ቀለም በአየር ግፊት የሚረጨውን መሣሪያ፣ ኩባያ ሞላሁ። ረጨሁ። ሲደርቅ አንዱን ጎማ በወረንጦ አነሳሁ። ሥሩ ነጭ ክብ። ሽምብራ የምታክል። ዙሪያዋ ግራጫ። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ እንደዛው። ሁሉንም አንስቼ ካርቶኗን መብራት ሥር ያዝኳት። የእኔ ዕቃ ያገኘው ቀለም ነጭ ነጯን ያህል ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ… ካርቶን ስቀባ ነው ያመሸሁት።

ብሩ አይደለም ያንገበገበኝ። የፕራይመሩ ጠርሙስ 60 ሚሊ ሊትር ናት። በቆርቆሮ ያለው ስፕሬይ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እህቴ በውሃ የሚቀጥነውን ፈልጋ፣ በካልሲ ጠቅልላ፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከዚህ ይዛልኝ መጣች። እማዬ የዘይት ጠርሙስ ሲያልቅ ገልብጣ ነው የምታቆመው። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ። እኔ ደግሞ…

አርብ ሌላ ሞከርኩ። ክፍሎቹን ስቴኪኒ ላይ አጣበቅኳቸው። ፎም ላይ አስጠግቼ ሰካሁ። አንዱን የሳተው ጎረቤቱ ላይ ያርፋላ። ከ15 ሴንቲ ሜትር ወደ 7 ቀረብኩ። ግፊቱንም ቀነስኩ፣ አለዚያ ቀለሙ ይፈሳል። ኩባያ መሙላቱን ትቼ በጠብታ ቆጠርኩ። 10፣ ሲያልቅ ሌላ 5።

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ሳየው ከመጠጋጋታቸው የተነሳ የበሮቹ ጎን ሳይነካ ቀርቷል። አዙሬ ደገምኩ። ታዲያ ይሄ ቁጠባ ነው? ምናልባት ዋናውን አካልና ትንንሾቹን በአንድ ቀን መጨረሱ ይሻል ይሆናል። ኤርብራሹ በታጠበ ቁጥር ኩባያው ውስጥ የቀረው አብሮ ይደፋል። ግን አካሉ ገና ስቱኮው አልተሞረደም… እሱን ብጠብቅ ደግሞ መቼ ነው የምጨርሳት?

ትናንት እህቴ ደወለች። «ቀለሙ ሆነልህ?» አለችኝ። «ሆነልኝ» አልኳት። ውሸት አይደለም እኮ። ካርቶኗ ግን ይኸው፣ ማይኩ አጠገብ ናት። መጣል አቃተኝ። ነጭ ነጮቹን እየቆጠርኩ… ቆይ፣ ይሄ ድምፅ ኮምፕረሰሩ ነው? አየር እያስወጣ ነው መሰለኝ፣ አንዴ ልየው…