አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ? የጀልባ ሞተር መለዋወጫን በተመለከተ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በዚህ ሳምንት በስልክም በጽሑፍም የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ለጀልባ ሞተር መለዋወጫ አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ የሚሉ ናቸው። የሞተር ባለሙያችን እንደሚከተለው መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ይመከራል?

አዎ፣ ተመርምሮ ከሆነ። እኔ ዕቃን የምለየው በሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ጎማ አለበት ወይ? ሁለተኛ፣ ደህና መሆኑን በዓይን ወይም በመለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? ሦስተኛ፣ ቢበላሽ ውሃ መሃል ያስቀረኛል ወይም እሳት ያስነሳብኛል ወይ? ጎማ ያገለገለ አይገዛም፤ ይህን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው ታገሱኝ። ኮፈን፣ የመሪ እጀታ፣ ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያያዘው ቅንፍ፣ ፍላይዊል (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ዕቃ)፣ የታችኛው ማርሽ ቤት (ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት ማርሾች ያሉበት)፣ እነዚህ ሁሉ ታይተውና ተለክተው ያገለገሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ጋስኬት (በሁለት ብረት መሃል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት)፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የውሃ ፓምፕ ጎማ፣ ቴርሞስታት (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው)፣ የመሪ ኬብል ግን አዲስ ብቻ።

ዕቃ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቅንፉ ላይ ከተለጠፈው ሳህን የሞዴልና የሲሪያል ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። «40 ፈረስ ጉልበት ነው» ማለት አይበቃም። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ጉልበት ሆኖ የተመረተበት ዓመት ሲለያይ ካርቡሬተሩም (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) የማርሹ ጥርስ ቁጥርም ይለያያል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው) ተጠርጎ ቢገባስ?

አይሆንም። አዲስ፣ በመመሪያው ላይ በተጻፈው ቁጥር፣ ክፍተቱ ተለክቶ።

ጥያቄ፦ ሙሉ የውሃ ፓምፕ በርካሽ አግኝቻለሁ። ውስጡ ያለው ጎማ ያልተቀደደ ነው፤ ልግጠመው?

የፓምፑን ቤት ሊወስዱት ይችላሉ፣ ጎማውን ግን ይጣሉት። ጎማው ያልተቀደደ መሆኑ ምንም አይነግርዎትም። የጎማው ክንፎች ቤቱ ውስጥ ታጥፈው ብዙ ጊዜ ከቆዩ እንደታጠፉ ይደርቃሉ፤ ሲወጡ ወደ አንድ ጎን የተኙ ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ጎማ በዝግታ ሲሄዱ ውሃ ይገፋል፣ ጋዝ ሲሰጡት ግን አይበቃም፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ይያዛል።

ቤቱን ሲመረምሩ የውስጥ ግድግዳው የቀለጠ ወይም የተቦረቦረ መሆኑን ይዩ። ከስሩ ያለውን የብረት ሳህን በጥፍርዎ ይጥረጉት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ሳህኑም ይቀየር። አዲሱን ጎማ ሲያስገቡ ግሊሰሪን ወይም የሳሙና ውሃ ይቀቡት፣ ተራ ግራሶ ጎማውን ያሳብጠዋል። ዘንጉ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ብረት አይርሱ፤ እሷ ከወደቀች ዘንጉ እየዞረ ጎማው ቆሞ ይቀራል። ቤቱን ወደታች ሲጫኑ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩት፣ ክንፎቹ በትክክለኛው ወገን ይታጠፋሉ።

ከአሮጌው ጎማ ክንፍ ተቆርጦ ጎድሎ ካገኙ ቁራጩን ሳይፈልጉ አይግጠሙ። ቁራጩ ወደ ሞተሩ በሚወጣው ቱቦ ወይም በውሃ መንገዱ ውስጥ ይሰነቀራል፤ እሱ እያለ አዲስ ፓምፕ ቢገባም ሞተሩ መሞቁን አይተውም። ሲጨርሱ ውሃ ውስጥ አስነሥተው ከጎን የሚወጣውን የውሃ ጅረት ይመልከቱ። ያለ ውሃ «ለሙከራ ያህል» ተብሎ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ አይነሣም፤ አዲሱ ጎማ እዚያው ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የታችኛውን ማርሽ ቤት ሙሉውን ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይህ ያገለገለ ሊገዛ ከሚችለው ዕቃ ዋናው ነው። መጀመሪያ ሻጩ ዘይቱን ቀድሞ እንዳያፈስሰው ይንገሩት። የታችኛውን ብሎን ፈታ አድርገው የመጀመሪያውን ዘይት ይቀበሉ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ብሎኑ ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው፣ እንደ ሊጥ የሆነ ደቃቅ ብረት መኖሩ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ካለ ግን ማርሹ ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ስለሆነ ይተዉት።

ቀጥሎ ዘንጉን በወደፊት፣ በኋላና በባዶ ማርሽ አስገብተው በእጅ ያዙሩ፤ መንቀጥቀጥ ወይም መያዝ ሊኖር አይገባም። የፕሮፔለሩን ዘንግ እያዞሩ ጫፉን ትኩር ብለው ይዩ፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ታጥፏል። ከዚያ በብሎን ቀዳዳው በኩል 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያህል አየር ሞልተው 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ከወረደ የሳሙና አረፋ የት እንደሚያፈስ ያሳያል። በጣም አይሙሉት፣ ደህናውን ኦይል ሲል ይገፋዋል፤ ልኩን ከሞተሩ መመሪያ ይውሰዱ።

ልክ መግጠሙን ደግሞ በዓይን ብቻ አይመኑ። የፕሮፔለሩን ዘንግ 10 ጊዜ ሲያዞሩ ቋሚው ዘንግ ስንት እንደዞረ ይቁጠሩና ከራስዎ ጋር ያነጻጽሩ። የዘንግ ርዝመትም አለ፤ የተለመዱት 15፣ 20 እና 25 ኢንች ናቸው፣ በሴንቲሜትር በግምት 38፣ 51 እና 64። ሁሉም ተስማምቶ ቢገዙት እንኳ ኦይል ሲሎቹንና የዘይት ብሎኖቹን ማሸጊያ በአዲስ ይቀይሩ። ጎማ ያገለገለ አይገዛም ብያለሁ፤ ከማርሽ ቤት ጋር አብሮ የመጣም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ ውስጥ የተተከለው የቤንዚን ሞተር ብሎኩ ከመኪና ሞተር ጋር አንድ ነው። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ) ተበላሸ። መካኒኬ የመኪናውን ሞተሪኖ ገጠመና ልክ ሆነ። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ወንድሜ፣ ዛሬ ከጠየቃችሁኝ ሁሉ ይኼኛው ነው ሕይወት የሚያጠፋው፤ ስለዚህ ረጅም መልስ እሰጣለሁ፣ ሌሎቻችሁም አድምጡ።

መግጠሙ እውነት ነው። ብሎኖቹ ይገጥማሉ፣ ጥርሱ ይገጥማል፣ ሞተሩም ይነሣል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። መኪና ላይ ከስር ክፍት ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ጀልባ ላይ ግን የሚወጣበት የለም፤ ከወለሉ ስር ባለው የጀልባ ሆድ ወርዶ ይተኛል። ሞተሪኖ ደግሞ ሲዞር ውስጡ ያሉት ካርቦኖች ሁልጊዜ ብልጭታ ያወጣሉ። የመኪናው ክፍት ነው፣ ብልጭታው ከውጭው አየር ጋር ይገናኛል። ለጀልባ የተሠራው የታሸገ ነው፣ አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም እንፋሎት ገብቶ ውስጡ ቢቀጣጠል ነበልባሉ እንዳይወጣ ሆነው ነው የተሠሩት። ዕቃው ላይ ከእሳት የተጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት፣ ወይም ኤስኤኢ ጄ1171 ወይም አይኤስኦ 8846 የሚል የደረጃ መለያ ጽሑፍ ይፈልጉ። ምልክቱ ከሌለ ከቤንዚን ሞተር ክፍል ውስጥ አይግባ።

ሞተሪኖው ብቻም አይደለም። የመኪና ዲናሞ፣ ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው)፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ካርቡሬተር፣ የነዳጅ ቱቦም አይገቡም፤ እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው። በሞተሩ ጉልበት የሚሠራው የመኪና ነዳጅ ፓምፕ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ሲቀደድ ነዳጁን ወደ ውጭ ያፈስሰዋል፣ ማለትም ወደ ጀልባው ሆድ። የጀልባው ፓምፕ ግን የፈሰሰውን ወደ ካርቡሬተሩ አፍ የሚመልስ ግልጽ ቱቦ አለው፤ ቱቦው ውስጥ ነዳጅ ሲታይ ፓምፑ እንደተበላሸ ያሳውቃል። ካርቡሬተሩም እንዲሁ፤ ሞልቶ ሲተርፍ የመኪናው ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፣ የጀልባው ወደ ራሱ ጉሮሮ ይመልሳል። ለጀልባ ሞተር ክፍል የሚሠራ ደረጃውን የጠበቀ የነዳጅ ቱቦ በእሳት ሙከራ 2 ደቂቃ ተኩል መቋቋም አለበት፤ ይህ ጊዜ ሰው ለመውጣት የሚያስፈልገው ነው። የመኪናው ቱቦ ለዚህ አልተሠራም።

ስለዚህ ሞተሪኖውን ያውጡት። ለጀልባ የተሠራ ያገለገለ ካገኙ ደግሞ አሮጌነቱን ሳይሆን ተፈትቶ እንደነበር ይጠይቁ። የፈታው ሰው ማሸጊያውን ወይም መከላከያውን ከጣለ ከመኪናው አይለይም። እርግጠኛ ካልሆኑ አዲስ ይግዙ።

እስከዚያው ድረስ ሁሉም የቤንዚን ሞተር በጀልባ ውስጥ ያለው ሰው ከማስነሣቱ በፊት የአየር ማስወጫ ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ያሠራ። ማራገቢያው ሠራ ብሎም አይመን፤ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያሽትት። ነዳጅ ከሸተተ ቁልፉን አይንካ። ከዚህ ቀደም መኪና ዕቃ በሞተሩ ላይ የገባበት ሰው ራሱ አንድ በአንድ ሊለየው አይችልም፤ የጀልባ ሞተር የሚያውቅ ባለሙያ ሙሉ ክፍሉን ይመርምርለት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፕሮፔለር ዳሩ ትንሽ ተነክሷል። ይሠራል?

ትንሽ ንክሻ በሞረድ ይስተካከላል። ክንፉ ከታጠፈ ወይም ከስሩ ስንጥቅ ካለው አይግዙ። መሃሉ ያለውን ጎማም ልብ ይበሉ፤ ያው ጎማ ነው። ከውስጠኛው ክብ እስከ ውጭኛው ድረስ አንድ መስመር ያስምሩ፣ ጋዝ ሰጥተው ነድተው ይመለሱ፤ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከታየ ጎማው እየተንሸራተተ ነው።

ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል፤ «13 በ19» ካለ 13ቱ ስፋቱ ነው፣ 19ኙ አንድ ጊዜ ሲዞር በሐሳብ የሚጓዘው ርቀት ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው ቁጥር በ1 ሲጨምር ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይቀንሳል። ከተለመደው ጭነትዎ ጋር ሙሉ ጋዝ ሰጥተው ዙሩ በመመሪያው ክልል ውስጥ ካልገባ ፕሮፔለሩ ለእርስዎ አይሆንም። ለመቀየር እጅዎን ሲያስገቡ የማጥፊያ ገመዱ (ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋው) ይነቀል፣ ማርሹ ባዶ ላይ ይሁን። ዳዶውን የሚይዘው የሽቦ ፒን አዲስ ይሁን። ፕሮፔለሩ ከወጣ አይቀር ከኋላው የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ክር ካለ ያስወግዱ፤ ኦይል ሲሉን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የፕሮፔለሩ ፒን ሲሰበር ሚስማር እያስገባሁ እሠራለሁ። አሁንስ ያገለገለ ፒን ልፈልግ?

ያገለገለ ፒንም ሚስማርም አይሆንም፤ አዲስ፣ ለሞተሩ የተመደበውን። ፒኑ የተሠራው ድንጋይ ሲመታ እሱ ተሰብሮ ማርሹን እንዲያድን ነው። ጠንካራ ብረት ካስገቡ የሚሰበረው ማርሹ ነው፤ ለስላሳ ሚስማር ደግሞ ማዕበል ላይ ይቆረጣል። ሦስት አዲስ ፒንና ፒንሳ በጀልባው ውስጥ ይኑርዎት፤ ያን ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የላይኛውን ሞተር (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን ክፍል) የሚሸጥ ሰው «ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ነው» ይላል። ልመነው?

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው፤ እርስዎ ራስዎ በመለኪያ ይለኩት። ሁሉም ካንዴላ ይውጣ፣ የማጥፊያ ገመዱ ይነቀል፣ የካንዴላ ገመዶች ከሞተሩ አካል ጋር ይያያዙ፣ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የመለኪያው መርፌ መውጣቱን እስኪያቆም ሞተሩን ያዙሩት፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ጊዜ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ከ10 በመቶ በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ ከፍተኛው 120 ከሆነ ዝቅተኛው ከ108 እንዳይወርድ። 120፣ 118፣ 90 ያለው ሞተር ሁለት ጤነኛ ሲሊንደር ያለው አይደለም፣ የታመመ ሞተር ነው። በካንዴላው ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቅንጣት ካዩ ፒስተኑ ቀልጧል። የቴርሞስታቱን ክዳንም ያስከፍቱ፤ የውሃ መንገዱ በነጭ የጨው ድንጋይ ከተሞላ ኮምፕሬሽኑ ምንም ቢያምር አይግዙት።

የሲሪያል ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ደግሞ መለኪያውን እንኳ አያውጡ፤ ጥለው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ሰምጦ ከነበረ ሞተር ዕቃ ማውጣት ይቻላል?

ኮፈን፣ ቅንፍ፣ ማርሽ ቤት አዎ፣ ከላይ በነገርኳችሁ ምርመራ። ኩሽኔታ፣ ክራንክ ሻፍት፣ ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ አይ። በዓይን ደረቅ የመሰለ ገመድ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሳጥን ብገዛ ሞተሬ መነሣት ይጀምር ይሆን?

ልጄ፣ ሳጥኑ መበላሸቱን መጀመሪያ አረጋግጥ። የባትሪውን ጫፎች፣ የመሬት ሽቦውን፣ ፊዩዞቹን፣ የማጥፊያ ገመዱን ተመልከት፤ ሳጥኑ ተወቅሶ ጥፋቱ የዛገ ጫፍ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ያገለገለ ሳጥን ከውጭ ታይቶ አይታወቅም፣ ሻጩም ብዙውን ጊዜ አይመልስም። ይህን በመለኪያ የሚለይ ባለሙያ ዘንድ ውሰደው።

ጥያቄ፦ የዚንክ ቁራጩ (ከሞተሩ ብረት ይልቅ እሱ እንዲበላ የሚገጠመው) ግማሹ ብቻ ነው የተበላው። ልተወው?

ቀይሪው እህቴ፤ ግማሽ ሲሆን ነው የሚቀየረው። አዲሱን ቀለም አትቀቢው። ጨው አልባ ውሃ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ማግኒዚየም ይሻላል።

ጥያቄ፦ የማጥፊያው ገመድ ጠፋብኝ። በተራ ገመድ ቁልፉን አስሬ እየሠራሁ ነው፤ ያገለገለ ይገኝ ይሆን?

ያገለገለ አይፈልጉ፤ አዲስ ይግዙ፣ ለሞተርዎ የተሠራውን። አስሮ ማሠራት ማለት ሰው ቢወድቅ ጀልባው እየዞረ ፕሮፔለሩን ይዞ ወደ እሱ ይመለሳል ማለት ነው። አዲሱ እስኪገኝ ጀልባው ዳር ይቆይ።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ቱቦውንና የእጅ ፓምፑን በአዲስ ቀየርኩ፤ አሁንም ቤንዚን ይሸተኛል።

ማያያዣዎቹን፣ የታንኩን ክዳን ማሸጊያ ጎማና የካርቡሬተሩን ስር በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁን ያሽትቱ። ካልተገኘ ሞተሩን አያስነሡ፣ መብራትም አያብሩ፤ ባለሙያ ጀልባው ያለበት ድረስ መጥቶ ይየው።