የማትጠብቁትን ጫጩት አታስፈልፍሉ
(ጎንደር ከተማ ለጓሮ ዶሮ አርቢዎች የተደረገ ንግግር)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከአዘዞ፣ ከማራኪ፣ ከወለቃ፣ ከቀበሌ 18 ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸውና ኑ ተቀመጡ።

የመጣሁበትን ነገር አስቀድሜ ልናገረውና ምክንያቱን ኋላ ላስረዳ፦ ልትጠብቁት የማትችሉትን ጫጩት አታስፈልፍሉ። ይህ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ይሆንባችኋል። እኛ ዘንድ ዶሮ ልታቀፍ ካለች በረከት ነው፤ ከጎረቤት ተለምኖም ቢሆን እንቁላል ይጨመርላታል። ስትፈለፍል ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ወር ሳይሞላ ግን ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ተለቅመው ያልቁና ጭልፊቱን ስንራገም እንውላለን። ጭልፊቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ያልሠራነው እኛ ነን።

ስለ ዶሮዋ ልጀምር። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 ያህል እንቁላል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ያምራታል። ጎጆዋን አትለቅም፤ እጃችሁን ስትዘረጉ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች፤ በቀን አንዴ ብቻ ወጥታ በልታ፣ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ ትመለሳለች። በሽታ አይደለም፣ እልህም አይደለም። ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን በሰውነቷ ሲጨምር እንቁላል መጣሏ ይቆምና መታቀፍ ብቻ ይታያታል። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉ ዶሮዎች ይህ ጠባይ በዘር መረጣ ስለተቀነሰባቸው ብዙውን ጊዜ አይታቀፉም። ለዚህ ነው ጫጩት የምታሳድግ እናት ስትፈልጉ ዞራችሁ የሐበሻዋን የምትለምኑት።

እስቲ አብረን እናስላ። 21 ቀን ትታቀፋለች። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ወር ጫጩት አስከትላ ትዞራለች። ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከእሷ አንድ እንቁላል አታዩም ማለት ነው። ጫጩቶቹ ካደጉ ኪሳራ የለውም። ካለቁ ግን የጠፋው ጫጩቱ ብቻ አይደለም፤ ያስታቀፋችሁት እንቁላልና በዚያ ጊዜ ልትጥለው ትችል የነበረውም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ ቁጭ ባለች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቁርጡን ወስኑ፤ ወይ ትታቀፍ፣ ወይ ትቅር። ከሁሉ የከፋው ዝም ብሎ መተው ነው። ባዶ ጎጆ ላይ ሳምንታት ቁጭ ብላ ትከሳለች፣ ቅማል ይወራታል፣ ሌሎቹ ዶሮዎች የሚጥሉበትንም ቦታ ትይዛለች።

ትታቀፍ ካላችሁ እንቁላሉ ከተጣለ ከ10 ቀን አይብለጥ፤ አይታጠብ፤ የተሰነጠቀ አይግባበት። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 ይበቃታል። ከክንፏ ሥር የሚተርፈው ይበርዳል፤ እሷ ደግሞ እያገላበጠች ቦታ ስለምታቀያይር ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው እየበረደ ብዙው ይበላሻል። ሁሉም በአንድ ቀን ይግባ። ዛሬ አምስት፣ ከነገ ወዲያ ሦስት ከተባለ፣ መጀመሪያ የወጡትን ይዛ ትነሳና የቀረው ሜዳ ላይ ይቀራል። ለመታቀፊያ የተሰበረ ጋን ግማሽ፣ ከሥሩ አመድ፣ ከላዩ ጭድ ቢሆን ከማንኛውም ሣጥን አያንስም። በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በስልክ ባትሪ ፊት ያዙት፤ ሽል ካለው ደም ሥሩ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል፣ ከሌለው ባዶ ሆኖ ያበራል። ባዶውን አውጡ። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን አትነካኩት።

ጊዜውም ይታሰብበት። አሁን መስከረም እየወጣ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ የታቀፈች ዶሮ በወሩ መጨረሻ ትፈለፍላለች፤ አውራዎቹም ለፋሲካ ገበያ ይደርሳሉ። ለእንቁጣጣሽ የሚፈልግ በየካቲት መጀመሪያ ያስታቅፍ። በሐምሌና በነሐሴ ስትታቀፍ ግን፣ በእኔ ምክር፣ ትቅር በሏት። የጎንደርን ክረምት ጭቃና ብርድ ችሎ የሚያድግ ጫጩት ጥቂት ነው።

ትቅር የምትባለውስ? እናቶቻችን ብዙ ዘዴ ነበራቸው። ቁልቁል ማንጠልጠል አለ፣ አፍንጫዋን በላባ መውጋት አለ፣ ጎረቤት ቤት ወስዶ ማሳደር አለ። የመጨረሻው ይሠራል፤ ጎጆዋ ከዓይኗ ሲጠፋ ስሜቱ ይበርድላታል። ብቻ የጎረቤት ዶሮ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ካለባት ይዛው ትመጣለች። ሁለቱን ግን ዛሬውኑ ተዉአቸው። ዶሮ ደረቷንና ሆዷን የሚለይ ድያፍራም የላትም፤ ቁልቁል ስትሰቀል የሆድ ዕቃዋ በሙሉ ሳንባዋ ላይ ይጫናል፤ ከቆየች ታፍና ትሞታለች። ወለሉ ሽቦ ወይም ርብራብ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሥሩ። ጭድ አይኑርበት፣ ጎጆ አይኑርበት፣ ብርሃን ይግባው፤ ምግብና ውኃ ግን አይጓደልባት። ነፋስ ከሥር ሆዷን ሲያቀዘቅዘው የመታቀፍ ስሜቱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይተዋታል። ከዚያ በኋላ በሁለት፣ በሦስት ሳምንት እንደገና ትጥላለች።

አሁን ወደ ሌቦቹ። ዶሮ ስትጠፋ ወይም ሞታ ስትገኝ ሬሳውን ከመጣላችሁ በፊት እዩት፤ ማን እንደሆነ ይናገራል። በጠራራ ፀሐይ አንድ ጫጩት ብን ብሎ ምንም ሳይቀር ከጠፋ ጭልፊት ነው። ሌሊት ሁለት ሦስት ዶሮ አንገታቸውን ተነክሰው፣ አንዳንዱም ጭንቅላቱ ተበልቶ ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ሸለምጥማጥ ነው። ጫጩት ወደ ጉድጓድ ተጎትቶ ከተገኘ አይጥ ነው። ላባ በግቢው ሁሉ ተበትኖ፣ በሩ ተገንጥሎ ከሆነ የሰፈር ውሻ ነው። ዶሮዋ ከነቆጧ ከጠፋች፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ እሱ ሁለት እግር ያለው ሸለምጥማጥ ስለሆነ ለሱ ቁልፍ እንጂ ሽቦ አይበቃም።

ለጭልፊት መድኃኒቱ ጫጩቶቹን የመጀመሪያዎቹን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ሜዳ ላይ አለመልቀቅ ነው። ከላይ መረብ የለበሰ፣ ከታች ክፍት የሆነ ዝቅተኛ አጥር ሥሩ፤ እናታቸውም ውስጥ ትሁን፤ በየቀኑ ቦታ እየቀየራችሁ ሣሩ ላይ አኑሩት። አቅም ከሌለ እናቲቱን በለስላሳ ጨርቅ እግሯን አስራችሁ ከቁጥቋጦ ሥር አውሏት፤ ጫጩቶቿ ከእሷ ርቀው አይሄዱም። በግቢው ላይ ከአጥር እስከ አጥር ሲባጎ መወጠርም ጭልፊቱ እንደልቡ እንዳይወረወር ያግዳል። አሮጌ ሲዲ ሰቅሎ ማንጸባረቅ ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። አውራው አደጋ ሲያይ ይጮሃል፣ ሁሉም ይሮጣሉ፤ የሚሮጡበት መጠለያ ከሌለ ግን ጩኸቱ ምን ይጠቅማል? ቀጋ ወይም አጋም ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ አትንቀሉት።

ሸለምጥማጥ ሌላ ጣጣ ነው። ቀጭን ነው፣ ግድግዳ ይወጣል፤ ጭንቅላቱ ያለፈበት ሌላው አካሉ ያልፋል። ብዙ ጊዜ የሚገባው በበሩ አይደለም፤ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በምትተዉት ክፍተት ነው። ያንን ክፍተት በጭቃ አትድፈኑት፤ አየር ስለሚያስፈልግ ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ሽቦ ምቱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የዶሮ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳትወጣ ነው እንጂ ሌባ እንዳይገባ አይደለም። አይጥ ያልፍበታል፣ ውሻ ይበጥሰዋል። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ ያልበለጠ ጠንካራ ሽቦ ጨምሩበት። ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ድንጋይ ሙሉት። ግንቡን ያቆመ አገር ለዶሮ ቤት ድንጋይ አያጣም!

በሩ ደግሞ ሳይመሽ ይዘጋ። ዶሮ በጨለማ አታይም፤ የሚበላት ያያታል። ልጆቹ ይዘጉታል፣ እናትየዋ ዘግታው ይሆናል እየተባለ ክፍት የሚያድር በር ብዙ ነው። በስም ለአንድ ሰው ስጡት። የታቀፈችዋም ጓሮ አትደር፤ እንቁላሏን ጥላ ስለማትሸሽ ከሁሉ ቀድማ የምትበላው እሷ ናት።

መርዝ ግን እንዳታስቡት። ሥጋ ላይ የተቀባ መርዝ ሸለምጥማጡን መርጦ አይገድልም፤ ውሻችሁን ይገድላል፣ የተመረዘውን ሬሳ የበላውን ጥንብ አንሳም ይገድላል። ጥንብ አንሳ በአፍሪካ በፍጥነት እየመነመነ ያለው በዋናነት በመርዝ ነው። የምትራገሙት ጭልፊትም ቢሆን ስንት አይጥ እንደሚያነሳላችሁ አትርሱ። ግቢ ውስጥ የሚሮጥ ሕፃን ያለበት ሰው ደግሞ ነገሩን ሁለት ጊዜ ማሰብ አያስፈልገውም።

ስለ ፈንግል ረጅም አልናገርም፤ ክትባቱ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ያልተከተበ መንጋ በጠንካራ ሽቦ ውስጥም ያልቃል።

ቤት ስትገቡ ያላችሁን ቦታ ለኩ። ሽቦና መረብ ያለው ለስድስት ጫጩት ብቻ ከሆነ ስድስት እንቁላል አስታቅፉ፤ የቀረውን ሽጡት፣ ብሉት። ጨርሶ የሌለው ሰው ለአሁኑ ዶሮዋን ያስተዋትና በእንቁላሉ ገንዘብ ሽቦ ይግዛ፤ በየካቲት ያስታቅፋል።

ከአዳራሹ ውጭ ሁለት የዶሮ ቤት አቁመናል፤ አንዱ ለታቃፊዋ፣ አንዱ ለጫጩቶች። አናጢውም እየጠበቀን ነው፤ ሽቦው እንዴት እንደሚቆረጥና ርብራቡ በስንት ርቀት እንደሚመታ እሱ ያሳያችኋል። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እንነጋገር። እግዜር ይስጥልኝ።