«እናቱ ረግጣው ነው» ማለት ይብቃን

የተከበራችሁ ፈረስ አርቢዎች፣ የጋጣ ሠራተኞች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ውርንጭላ የአጥንት ኢንፌክሽን ሕክምና ነው። ስለ መድኃኒቱ እናገራለሁ። በመጀመሪያ ግን ሁላችንም በየጋጣው ስለምንሰማት አንዲት አባባል ልናገር። «እናቱ ረግጣው ነው።»

ውርንጭላው አነከሰ? ረግጣው ነው። ቋንጃው አበጠ? ረግጣው ነው። ቅባት ይቀባል፣ ይታሻል፣ «እስኪ ትንሽ እንየው» ይባላል። አጥንቱ የሚያልቀው በዚያች «ትንሽ» ውስጥ ነው።

ባዝራ ልጇን ልትረግጥ ትችላለች፣ አልክድም። ነገር ግን ወር ያልሞላው ውርንጭላ ካነከሰ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ተነሱ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ውርንጭላ ሲወለድ በማህፀን የተላለፈለት የበሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። የሚያገኘው ከእንገሩ፣ ማለትም ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ነው። አንጀቱ ደግሞ ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው ቢበዛ ለ24 ሰዓት ያህል ነው፤ ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ናቸው። እንገር በደንብ ካልጠባ፣ ባክቴሪያ በእትብቱ፣ በአንጀቱ ወይም በሳንባው ገብቶ ከደሙ ጋር ይዞራል። አጥንቱ በሚያድግበት ጫፍ አካባቢ የደም ሥሮቹ ቀጫጭንና ጥምዝምዝ ናቸው። ደሙ እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል። ባክቴሪያውም እዚያው ይሰፍራል።

አንድ ጋጣ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ውርንጭላዋ ገና ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች ናት። ስደርስ የግራ የኋላ እግሯን ጫፉን ብቻ መሬት አስነክታ ቆማለች። ባለቤቱ ሰላም እንኳን ሳንባባል «ዶክተር፣ እናቷ ረግጣት ነው» አለኝ። ቁስል ፈለግሁ፤ የለም። ጭረትም የለም። ቋንጃዋን ስይዘው ግን ይፋጃል፤ ስጫነው እንደ ውሃ ከረጢት ወዲያ ወዲህ ይላል። ቴርሞሜትር ስጠይቅ ጋጣው ውስጥ አንድም የለም። በራሴ ለካሁ፤ 39.6 ዲግሪ፣ ትኩሳት ነው። እትብቷን ዳሰስኩ፤ ወፍሯል፣ እርጥብ ነው። የእናትየዋ ጡት ተወጥሮ ወተት ያንጠባጥባል። ልጇ በደንብ የምትጠባ ባዝራ ጡት እንዲህ አይሆንም። ይህ ሁሉ ምልክት ለቀናት ሰው ፊት ቆሞ ነበር!

ከመገጣጠሚያዋ በመርፌ የቀዳሁት ፈሳሽ ጥርት ያለ መሆን ሲገባው ድፍርስ ሆኖ ወጣ። ራጅ ስትነሳ አጥንቱ ደህና መሰለ። ባለቤቱ እፎይ አለ። እኔ ግን እፎይ አላልኩም። የአጥንት ጉዳት በራጅ የሚታየው ከማዕድኑ ቢያንስ 30 ከመቶ ያህሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከሳምንት በኋላ ሲደገም የአጥንቱ ጫፍ ተበልቶ ታየ።

እናቲቱን እየከሰስን ልጇን የምንቀብረው እስከ መቼ ነው? ማንም አልረገጣትም! ያየም፣ የለካም፣ የደወለም ሰው አልነበረም። ይህን ስናገር ደስ የማይለው ካለ፣ ደስ አይበለው።

ወደ ሕክምናው ልግባ። ደምና የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት፣ ይወሰዳል፤ ውጤቱ ሳይጠበቅ አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ብዙ ጊዜ ፔኒሲሊን ከአሚካሲን ጋር ነው። አሚካሲን ኩላሊት ስለሚጎዳ የውርንጭላው ሰውነት ውሃ እንዳያጥረው መከታተል ግድ ነው። መገጣጠሚያው በብዙ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ይታጠባል፤ መግል በተሞላበት ቦታ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። እግሩን ከታመመው ቦታ በላይ በላስቲክ አስሮ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ መስጠትም አለ። ማሰሪያው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ መድኃኒቱ በታመመው ቦታ በብዛት ይከማቻል። የሞተ አጥንት ካለ በቀዶ ሕክምና ተፍቆ ይወጣል። አጥንት ከተነካ ነገሩ የሳምንታት ነው። ማንከሱ ቀነሰ ብላችሁ መድኃኒት አታቋርጡ፣ እባካችሁ።

የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም አትስጡ፤ ማንከሱን ይደብቃል፣ ጨጓራም ያቆስላል። ኢንሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም የውርንጭላን ካርቲሌጅ፣ የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት፣ ስለሚጎዳ አይሞከር።

መከላከሉን በአጭሩ። እትብቱን ክሎርሄክሲዲን በሚባለው ጀርም ገዳይ፣ በተበረዘው፣ ንከሩ። በ24 ሰዓት ገደማ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ አይጂጂው፣ ማለትም ከእንገሩ ያገኘው የበሽታ መከላከያ፣ በዴሲሊትር ከ800 ሚሊግራም በታች ከሆነ ፕላዝማ (መከላከያ ያለበት የደም ፈሳሽ) ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። ስለ ፕላዝማ አሰጣጡ በውይይቱ ሰዓት እንነጋገራለን። ያነከሰ ውርንጭላ ካያችሁ ግን ሌሊትም ቢሆን ደውሉ። አመሰግናለሁ።