ረድፉ ሳይዘጋ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። አይፒሲሲ፣ ማለትም በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል፣ የሪፖርቶቹን ረቂቅ ሲያስገመግም አስተያየት የሚሰበስበው ምዕራፍ፣ ገጽና መስመር በሚጠይቅ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን የመጀመሪያውን የሥራ ቡድን ሪፖርት የጻፉት ከ66 አገሮች የተውጣጡ 234 ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የደረሳቸው አስተያየት 78,007 ነበር። እያንዳንዱ የራሱ ረድፍ፣ ከጎኑም የጸሐፊዎቹ መልስ አለው። ሪፖርቱ ሲወጣ ሁለቱም ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ።

ሰንጠረዡ ብቻውን ግን ከስህተት አያድንም። የ2007ቱ የሁለተኛው የሥራ ቡድን ሪፖርት ምዕራፍ 10 ላይ፣ የሂማላያ ግግር በረዶዎች እስከ 2035 የመጥፋት ዕድላቸው በጣም ከፍተኛ ነው ተባለ። ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስፋታቸው በዚያው ዓመት ከ500,000 ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይቀንሳል አለ። ከጠፉ፣ 100,000ው ከየት መጣ? ይህን ቅራኔ አንድ ገምጋሚ ረቂቁ ላይ አይቶ ጽፎ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን እንዳሉ ታተሙ። ስለ ግግር በረዶ መቅለጥ በ1996 የወጣው ቀደምት ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ደግሞ 2350 እንጂ 2035 አይደለም። ፓነሉ በ2010 መጀመሪያ ላይ ስህተቱን አምኖ መግለጫ አወጣ። እኔን የሚቆጨኝ ከቁጥሩ ይልቅ ይሄ ነው፦ ያየ ሰው ነበር፣ ተመዝግቧል፣ የተከታተለው ግን የለም።

እንግዲህ የአይፒሲሲን ረቂቅ ለመገምገም የምትመዘገቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የያዛችሁት ረቂቅ የትኛው ዙር እንደሆነ አረጋግጡ። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ገጹም መስመሩም ይቀያየራል። ገጹን ከፒዲኤፍ ማንበቢያው ቆጣሪ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ከታተመው ቁጥር ውሰዱ። «10-12» ብላችሁ ስትጽፉ ኤክሴል ቀን መስሎት ይቀይረዋል፤ ዓምዱን አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት፣ ወይም ምዕራፉንና ገጹን ለየብቻ ጻፉ።

በአንድ ረድፍ አንድ አስተያየት። ሁለት ካስገባችሁ አንዱ መልስ ያገኛል፣ ሌላው ተውጦ ይቀራል።

«ምሥራቅ አፍሪካ ተዘንግቷል» የሚል አስተያየት ጸሐፊውን የትም አያደርሰውም። ጽሑፉ የአካባቢውን ዝናብ በአንድ ላይ ጠቅልሎ ከሆነ፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት መሆኑን ጠቅሳችሁ፣ ይለያዩ በሉ። በምን ዓረፍተ ነገር እንደሚተካ ጻፉለት፤ የምትጠቅሱትን ጥናት ዲኦአይም (የጥናቱን ቋሚ መለያ ቁጥር) አስቀምጡ። ጸሐፊው የሚፈልገው ይሄንን ነው።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ጎግል ሺት ይበቃል። ሊንኩ ግን ለተመዘገቡ ገምጋሚዎች ብቻ ይከፈት፤ ረቂቁ እንዳይሰራጭ ተከልክሏልና። አንድ ዓምድ ብቻ መርጣችሁ ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፤ አስተያየቱ የሌላ ገጽና መስመር ላይ ይወድቃል። ከመላካችሁ በፊት «ማን ጻፈው»፣ «ማን አረጋገጠው» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሩ፤ አረጋጋጩ የጻፈው ሰው አይሁን። የመጨረሻው ቅጂ ላይ ዓምዶቹን አንሱና በመጣው ቅርጽ መልሱት።

ሪፖርቱ ሲወጣ የራሳችሁን ረድፍ ፈልጉ። «ተቀብለናል» ከተባለ ዓረፍተ ነገሩን ከታተመው ጋር አስተያዩ።