የባሕር ውሃ ገንዳ ፓምፕ ሲበላሽ ኮረንቲው የት ይሄዳል?

[ምስል፦ የተፈታ ፓምፕ፣ ነጭ ፎጣ ላይ]

ሰላም ተመልካቾቻችን። ይህ ከኮራል ገንዳ የወጣ ፓምፕ ነው። ፈታትተን ዘርግተነዋል። ጥቁሩ ክፍል ውስጥ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ውሃ እንዳያገኘው ዙሪያውን ኤፖክሲ በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ ተደፍኗል። አጠገቡ ያለው ሞላላ ነገር ማግኔት ነው። ጫፉ ላይ ውሃውን የሚገፋው ትንሽ ማራገቢያ ተሰክቷል፤ ኢምፔለር ይሉታል። ሽቦውና ማግኔቱ ፈጽሞ አይነካኩም። ኮረንቲው በሽቦው ሲያልፍ የሚፈጠረው መግነጢሳዊ ኃይል ነው በኤፖክሲው ዘልቆ ማግኔቱን የሚያሽከረክረው።

እንግዲህ 220 ቮልቱን ከውሃው የሚለየው ያ ኤፖክሲና የገመዱ ላስቲክ ብቻ ነው። ውሃው ደግሞ ተራ ውሃ አይደለም። በ1 ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ ኮረንቲ የማስተላለፍ አቅሙ ከቧንቧ ውሃ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ኤፖክሲው እንዴት ይሰነጠቃል? አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ነው። የኮራል ገንዳ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራው በእሱ ነው። ያው ካልሲየም ሞቅ ያለ ነገር ሲያገኝ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል። ማግኔቱን ሲሸፍነው መዞሩ ይከብዳል። አንዳንዴም ቀንድ አውጣ ወይም አሸዋ ይገባና ጭራሽ ይይዘዋል። ማግኔቱ ቆመ ማለት ግን ኮረንቲው ቆመ ማለት አይደለም። ሽቦው ኮረንቲ መሳቡን ይቀጥላል። የሚያቀዘቅዘው ውሃ ስለማይዘዋወር ይግላል። ኤፖክሲው ያብጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሄ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትናንት ደህና ሲዞር የነበረ ፓምፕ አንዴ ከቆመ በኋላ የተጋገረውን ጥሶ መነሳት ያቅተዋል። ዝዝዝ ይላል፣ ውሃ ግን አይገፋም። በየ3 ወይም በየ4 ወሩ አውጥቶ በባልዲ ውስጥ፣ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ፣ ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው መፍትሔው። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፈተግ፣ ለቅለቅ ማድረግ።

[ምስል፦ ካሜራው ወደ ገመዱ መግቢያ ይጠጋል]

ስታጸዱ ግን ዝም ብላችሁ አትፈትጉ፤ እዩት። እዚህ ጋ፣ ገመዱ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቦታ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቀጭን መስመር ይታያል። ይህ መዳብ ነው፤ ውሃ አግኝቶት እየተበላ ነው። ጣታችሁን በኤፖክሲው ላይ አሂዱ። ለጥ ያለ መሆን ሲገባው መሐሉ ጉብ ካለ አብጧል። የማግኔቱ ሽፋን ላይ የዝገት ቀለም ያለው ስንጥቅ ካያችሁም ብረቱ ወደ ውሃው እየወጣ ነው።

ይህን ያየ ሰው ፓምፑን ይጣለው። ውድ ቢሆንም ይጣለው። ሲሊኮን ቀብቶ መልሶ መክተት አይሆንም። ከኮረንቲው ሌላ መዳቡ ራሱ ይገድላል፤ ቀንድ አውጣውና ሽሪምፑ ቀድመው ይሞታሉ፣ ኮራሉ ይከተላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። «ዓሦቹ ደህና ናቸው፣ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ኮረንቲ የለም» ይባላል። ይህ እውነት አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ምንም አትሆንም፤ ኮረንቲው በእሷ በኩል የሚወጣበት መንገድ የለውማ። ዓሣውም እንደዚያው ነው፤ ውሃው ያለው መስታወት ውስጥ ነው፣ መስታወት ኮረንቲ አያስተላልፍም። መንገዱን የምትከፍቱለት እናንተ ናችሁ። በባዶ እግራችሁ ሲሚንቶ ላይ ቆማችሁ፣ ወይም የመብራቱን የብረት አካል በአንድ እጅ ይዛችሁ፣ ሌላውን እጅ ውሃ ውስጥ ስትከቱ።

[ምስል፦ የቤት ማከፋፈያ ሰሌዳ፣ ብሬከሮች]

«ብሬከር አለኝ» የሚልም አለ። ብሬከሩ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ለሰው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 15 ወይም 20 አምፔር፣ አውሮፓ ብዙ ጊዜ 16 አምፔር እስኪያልፍ ይጠብቃል። 15 አምፔር 15,000 ሚሊአምፔር ነው። የሰው ልብ ግን ከ100 ሚሊአምፔር ባነሰ ሊቆም ይችላል። ብሬከሩ ሳይነቃነቅ ሰው ይሞታል።

ሰውን የሚያድነው ሌላ ዕቃ ነው። አሜሪካ ጂኤፍሲአይ፣ አውሮፓና እኛ ጋ አርሲዲ ይባላል። ሥራው አንድ ነው፦ በፌዙ የሄደውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ያመዛዝናል። ከተመለሰው ጥቂት ከጎደለ በሌላ መንገድ ወጥቷል ማለት ነው፤ ወዲያው ይቆርጠዋል። የአሜሪካው በ5 ሚሊአምፔር ገደማ፣ የአውሮፓው በ30። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ መታጠቢያ ቤትና ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ሶኬት አለ፤ ገንዳው የሚቀመጥበት ሳሎን ግን ብዙ ጊዜ የለም።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር። ሶኬቱ የአርዝ፣ ማለትም ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ቦታ ስላለው ብቻ አትተማመኑ፤ ከኋላው ሽቦው ላይኖር ይችላል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ አስለኩ። አርዝ ባይኖርም አርሲዲው ይሠራል፤ ግን የሚቆርጠው እናንተ ከነካችሁ በኋላ ነው። አርዝ ካለና ከታይታኒየም የተሠራ ዘንግ ውሃው ውስጥ ገብቶ ከእሱ ጋር ከተገናኘ፣ ፓምፑ በተሰነጠቀበት ቅጽበት፣ ማንም ሳይነካው ይቆርጣል። ዘንጉን ያለ አርሲዲ ማስገባት ግን አይመከርም። ውሃው በሙሉ ከመሬት ጋር ተገናኝቶ ሳለ፣ አንድ እጃችሁ ውሃው ውስጥ ሆኖ በሌላው የተበላሸ መብራት ከነካችሁ ኮረንቲው በደረታችሁ ያልፋል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ፓምፕ ሌላው ጣጣ ነው። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ተብሎ የተጻፈበትን 220 ላይ ብትሰኩት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኮረንቲው በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይቀይርም፤ በእኛ 50 ኸርዝ ፓምፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሽቦውም ይበልጥ ይሞቃል። ዘመድ ሲልክላችሁ በ24 ቮልት ዲሲ የሚሠራ፣ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የተጻፈበትን እንዲገዛ ንገሩት። ይህ ለደኅንነትም ይሻላል፤ ውሃው ውስጥ የሚገባው 24 ቮልት ብቻ ነው።

[ምስል፦ ከገንዳው በታች ያለው ቁም ሳጥን፣ ነጭ ጨው የጋገረበት ገመድ]

ገመዶቹን እዩ። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፣ ጨዉ በገመዱ ላይ እየተሳበ ሶኬቱ ድረስ ይደርሳል። ሲረጥብ ኮረንቲ ያስተላልፋል፤ እሳት የሚነሳው ከዚህ ነው። ጨዉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሶኬቱን ነቅላችሁ። እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ በታች ወርዶ፣ ተጠማዝዞ፣ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይውጣ። የሚወርደው ጠብታ ከመጠማዘዣው ላይ መሬት ይወድቃል። ዲቫይደሩንም ወለል ላይ አትጣሉት፤ ከፍ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ እሰሩት። ፓምፑ ሲቆም ከላይ የሚወርደው ውሃ ከታች ያለውን ሰምፕ የሚባል ተጨማሪ ገንዳ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ቆማችሁ እያያችሁ አንድ ጊዜ ፓምፑን ነቅላችሁ ሞክሩት።

ገንዳው ውስጥ ስትሠሩ እጃችሁን ነዘር ካደረጋችሁ፣ በተለይ የተላጠ ጣት ላይ፣ «ጨው ነው» ብላችሁ አትለፉት። እጃችሁን አውጡ፣ እርጥብ መሰኪያ አትንኩ፣ ከሰሌዳው ላይ ብሬከሩን አጥፉ። ከዚያ ሁሉንም ነቅላችሁ፣ በአርሲዲው በኩል አንድ በአንድ እየሰካችሁ ፈልጉ። ያንን ስትፈልጉ እጅ ውሃ ውስጥ አይገባም።

አንድ እውነተኛ ስጋት ይቀራል፤ እኔም አከብረዋለሁ። አርሲዲው እናንተ ሥራ ላይ እያላችሁ ከቆረጠ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ያልቅና ገንዳው ይሞታል። በዚህ ምክንያት አርሲዲ የማያስገቡ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም፤ መፍትሔ አለዋ። ሁለት አርሲዲ አድርጉ። ውሃውን ከሰምፕ የሚመልሰው ፓምፕና ማሞቂያው በአንዱ፣ ሞገድ የሚፈጥረው ፓምፕ በሌላው። አንዱ ቢቆርጥ ሌላው ውሃውን ያንቀሳቅሳል። መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ጨምሩበት፤ ዋጋው ከአንድ ጥሩ ኮራል አይበልጥም።

በወር አንድ ጊዜ አርሲዲው ላይ ያለውን የሙከራ ቁልፍ ተጫኑ። ካልቆረጠ ቀይሩት። ከቆረጠ መልሱና ወዲያው ከገንዳው አትራቁ። ድምፅ ብቻ አትስሙ፤ ከእያንዳንዱ ፓምፕ ፊት ውሃው መንቀሳቀሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።